ከቀትር በፊት፦ በክረምት ስሜን ተራሮች ላይ በእግር ስለመጓዝ

የተከበራችሁ አድማጮች፣ የዛሬው ርእሴ ጠባብ ነው። ስለ ተራራ መውጣት በጠቅላላው አልናገርም። የምናገረው ድንኳኑንና ስንቁን በጀርባው አዝሎ ወይም በበቅሎ አስጭኖ፣ በሐምሌና በነሐሴ ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ሳንቃ በር፣ ወደ ግጭና ወደ ጨነቅ የድንኳን ሰፈሮች፣ ከዚያም ማዶ ወደ ራስ ደጀን በእግሩ ስለሚሄድ ሰው ነው። ልምድ ያላቸው አስጎብኚዎች በዚህ ወቅት አትሂዱ ይላሉ፤ ምክራቸውም ትክክል ነው። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ለዐይንም ለእግርም ይሻላል። ይሁን እንጂ ሰው በክረምትም ይሄዳል። ተማሪውና መምህሩ ዕረፍት የሚያገኙት በክረምት ነው፤ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ዘመድ ሊጠይቅ የሚመጣው ወገናችንም ልጆቹ ከትምህርት የሚለቀቁለት በዚያው ወራት ነው። ስለዚህ አትሂዱ ብሎ ዝም ከማለት፣ የሚሄደው ሰው እንዴት ሄዶ እንዴት እንደሚመለስ መናገር ይሻላል ብዬ ነው ከፊታችሁ የቆምሁት። ከአየሩ በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቆ ማረጋገጥ እንደሚቀድም ግን ለእናንተ መንገር የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም።

በዚያ መንገድ ብዙ ዓመት ተመላልሼ የደረስሁበት ነገር ቢኖር፣ ስሜን ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የሚደርስባችሁ ነገር የሚወሰነው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ መሆኑ ነው። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለማስረዳት ከመሬቱ አቀማመጥ መጀመር አለብኝ።

ስሜን ከደቡብ በኩል ሲወጡት ደልዳላ ሊመስል የሚችል ሰፊ አምባ ነው። በሰሜን በኩል ግን ድንገት ይቆረጣል፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ገደሉ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርድና ወደ ተከዜ የሚያዘነብለው ቆላ ይጀምራል። በክረምት ማለዳ ሰማዩ ብዙውን ጊዜ ጥርት ያለ ነው። ፀሐይ ስትወጣ ቆላውም የገደሉ ግድግዳም ይሞቃል፤ በሌሊቱ ዝናብ የረሰረሰው አየር ሞቆ ግድግዳውን ተከትሎ ወደ ላይ ይነሣል፤ በወጣ ቁጥርም ይቀዘቅዛል፤ ከአንድ ከፍታ ሲደርስም ዳመና ይሆናል። ከአዲስ አበባ ሆነን ዳመናን ቀና ብለን ነው የምናየው። እሜት ጎጎ በሚባለው አፋፍ ላይ፣ በ3,926 ሜትር፣ የቆመ ሰው ግን ዳመናውን አጎንብሶ ነው የሚያየው፤ መጀመሪያ ከገደሉ ሥር እንደ ጎጆ ጭስ ቀጭን ሆኖ ይታያል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከወገቡ ይደርሳል፤ ከቀትር በኋላ ሰውየው ራሱ ዳመና ውስጥ ነው። ነጎድጓዱ፣ ውሽንፍሩና በረዶው የሚጀምሩት ከዚያ ወዲያ ነው። በረዶው ለምን እንደሚበዛ የሚጠይቀኝ ሰው አለ። በእኛ ኬክሮስ የአየሩ ሙቀት ዜሮ ዲግሪ የሚሆነው በግምት 5,000 ሜትር ግድም ላይ ነው፤ ከዳመናው የወጣው የበረዶ ጠጠር ጎንደር እስኪደርስ አብዛኛው ይቀልጣል፤ ቧሂት ተራራ ላይ ግን ለመቅለጥ ጊዜ የለውም። ዛሬ 4,550 ሜትር ገደማ የሚባለው፣ እኛ በትምህርት ቤት 4,620 ብለን የሸመደድነው ራስ ደጀን ደግሞ ከዚያ ከፍታ ሥር ተጠግቶ የቆመ ነው።

ሁልጊዜ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርድ አድሮ ጠዋትም የማያባራበት ቀን አለ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ፀሐይ ሳላይ የተመለስሁበት ጉዞም ነበር። ነገር ግን አብዛኛው የክረምት ቀን ይህን ሥርዓት ይከተላል፤ ሥርዓቱን የሚያውቅ ሰው ጎህ ሲቀድ ድንኳኑን ነቅሎ፣ ከፍ ያለውን ቦታ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት አልፎ፣ 6 ሰዓት ላይ ከሚያድርበት ሰፈር ይደርሳል። ይህን የማያደርግ ሰው ምን እንደሚሆን ለመናገር ሌላ ሰው አልፈልግም፤ ራሴ አለሁ።

ነሐሴ ነበር። አራት ሆነን ጨነቅ አድረን ወደ ቧሂት ልንወጣ ነበር። ጨነቅ 3,620 ሜትር ግድም ነው፤ የቧሂት ጫፍ ደግሞ ከ4,400 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ወደ 800 ሜትር የሚጠጋ ዳገት ይጠብቀን ነበር። መሪው እኔ ነበርሁ። ማለዳ ብርሃን ሆነ፤ ገላጣ ነበር፤ ጭላዳዎቹ ከገደሉ ወጥተው ሣሩን መንጨት ጀምረዋል። ቡና ተፈላ። አቦሉን ጠጣን፤ ቶናው ቀጠለ፤ በረካ ሳይጠጣ አይነሣም ተባለ፤ እኔም እሺ አልሁ። ስንነሣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ሆኗል። አብሮን የነበረው ስካውት፣ ማለትም ጠመንጃ የያዘው የፓርኩ አጃቢ፣ ዕድሜው የገፋ ሰው ነበር፤ አያ እያልን ነበር የምንጠራው። ግማሹን ያህል ዳገት ከወጣን በኋላ ቆመና ወደ ሰሜን አየ።

“ልጄ፣ ቆላው ጨሰ። እንመለስ” አለኝ።

“አያ፣ ጫፉ እኮ እየታየ ነው።”

“አሁን ይታይሃል። ስትደርስ አይታይህም።”

ተስማማሁ ብላችሁ በተደሰትሁ፤ ግን ትንሽ እንሞክር አልሁ። እሳቸውም ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገው ተከተሉን፤ እንግዳን ትቶ መመለስ በእሳቸው ዘንድ ነውር ነው። 6 ሰዓት ሳይሞላ ጉሙ ዋጠን፤ ወዲያው የሽንብራ ፍሬ የሚያህል በረዶ መውረድ ጀመረ፤ በረዶውን ዝናብ፣ ዝናቡን ነፋስ ተከተለው። ከእኛ መካከል ከሁሉ ወጣት የነበረው ጓደኛችን ጂንስ ሱሪና የጥጥ ሸሚዝ ለብሶ፣ ከላይ ጋቢ ደርቦ ነበር። መንገዱን ሁሉ ሲያስቀን የዋለ ልጅ ነው። መውረድ ስንጀምር ወደ ኋላ መቅረት ጀመረ፤ ደህና ነህ ወይ ስለው ደህና ነኝ ይላል፤ የጫማው ማሰሪያ ተፈትቶ እያየው ይረግጠዋል እንጂ አያስረውም። እኔ አልገባኝም ነበር። የገባቸው አያ ናቸው። “ይህ ልጅ ዝም አለ” አሉኝ። እውነት ነው፤ ከግማሽ ሰዓት ወዲህ ቃል አልተነፈሰም ነበር።

ወደ አንድ ቋጥኝ ከለላ፣ ነፋሱ ወደማያገኘው በኩል አስጠጉት። ጋቢውን ገፈው ሲጨምቁት ውሃው እንደ ልብስ አጣቢ እጅ በጣቶቻቸው መካከል ፈሰሰ። የራሳቸውን ባና አውልቀው ጠቀለሉት። እኔ በቦርሳዬ ውስጥ በፌስታል የቋጠርሁት አንድ ደረቅ ሹራብ ነበረኝ፤ ሸሚዙን አውልቀን እርሱን አለበስነው። ጣቶቹ ቆፈን ይዟቸው ኩባያ መጨበጥ ስላቃተው በስኳር የተበጠበጠ በሶ በእጃችን አጠጣነው። ከዚያ ግራና ቀኝ ይዘነው ወደ ጨነቅ ወረድን። ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ድንኳን ውስጥ ሆኖ “ምሳ የለም እንዴ?” ሲል ነው ነፍሴ የተመለሰችው።

በዚያ ቀን ሙቀቱ ከዜሮ በታች አልነበረም። በደረቅ ልብስ ቢሆን ማንም የሚቋቋመው ብርድ ነበር። ልጁን የጎዳው እርጥበቱና ነፋሱ ናቸው፤ ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ይወስዳል፤ የረጠበ ጥጥ ደግሞ ያን ውሃ ይዞ ቆዳ ላይ ይለጠፋል። ጋቢ በደረቅ ሌሊት እሳት ዳር የሚወዳደረው የለም፤ እኔም ድንኳን ውስጥ ያለ ጋቢ አልተኛም። ክረምት ላይ ለብሰውት ተራራ የሚወጡት ልብስ ግን አይደለም። የበግ ጠጉር ሲረጥብ ይከብዳል እንጂ ሙቀት መያዙን ጨርሶ አይተውም፤ የደጋው ሰው ባና፣ ዝተትና በርኖስ የሠራው የበግ ጠጉር ስለ ተረፈው ብቻ አይመስለኝም። እረኞቹ በዝናብ ጊዜ የሚደርቡት የሣር ገሳም ቢሆን ተራ ነገር አይደለም፤ ውሃው በሣሩ ላይ ተንሸራቶ ይወርዳል፣ ከሥር አየር ይገባል፣ ላብም አይታፈንም። ከውጭ የምናስመጣው ውድ የዝናብ ጃኬት ለመሥራት የሚደክመው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ከሥር ሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ ፖሊስተር፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ ነገር ይለበሳል። ከልብሱ እኩል የሚያስፈልገው ግን ደረቅ ሆኖ የሚቆይ ሁለተኛ ልብስ ነው። በበቅሎ ስታስጭኑ ዕቃው በማዳበሪያ ይከተታል፤ ማዳበሪያ ውሃ የማያስገባ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ በስፌቱም በሽመናውም ያስገባል። ስሊፒንግ ባጋችሁንና የሌሊት ልብሳችሁን መጀመሪያ በወፍራም ላስቲክ ቋጥራችሁ፣ አየሩን አስወጥታችሁ፣ አፉን ሁለቴ አጥፋችሁ አስራችሁ ነው ወደ ማዳበሪያው የምትከቱት። ይህ የሌሊት ልብስ ቀን አይለበስም። ጠዋት እርጥቡን ልብስ መልሶ መልበስ እጅግ የሚያስጠላ ነገር ነው፤ ቢሆንም ደረቁን ለብሶ ወጥቶ ማታ ሁለቱም ረጥበው ከማደር ይሻላል።

የሰውነት ሙቀት በጤናው 37 ዲግሪ ግድም ነው፤ ከ35 ሲወርድ አደጋው ይጀምራል። መጀመሪያ ሰውየው ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጥ ሰውነቱ እየታገለ መሆኑን ያሳያል። ከዚያ ጣቶቹ አልታዘዝ ይሉታል፣ ይደናቀፋል፣ ንግግሩ ይጎተታል፣ ነገር ይጠፋበታል ወይም እንደ ጓደኛችን ዝም ይላል። የሚያስፈራው መንቀጥቀጡ ሳይሞቅ ሲያቆም ነው፤ ተሻለው ብሎ የሚደሰት ሰው አይቻለሁና ይህን አስምራችሁ ያዙልኝ። ከነፋስ ማስጠለል፣ እርጥቡን ማውለቅ፣ ከመሬቱ የሚለይ ነገር ማንጠፍ፣ በፎጣ የተጠቀለለ የሞቀ ውሃ ጠርሙስ ደረቱና ብብቱ ላይ ማድረግ፣ ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ጣፋጭ ትኩስ ነገር ማጠጣት ነው። እጅና እግሩን አትሹት። በአካባቢው በደግነት የሚቀርበው ካቲካላም በዚያ ሰዓት መድኃኒት አይደለም፤ ሞቅ ያለ የሚመስለው ከሆድ ዕቃ የሸሸው ሙቀት ወደ ቆዳ ስለሚመጣ ነው፤ ከቆዳም ነፋሱ ይወስደዋል።

ወደ መብረቅ ልመለስ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 3 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ ቁጠሩ፣ ለ3 አካፍሉ። 30 ሳትቆጥሩ ነጎድጓዱ ከተሰማ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነው፤ ከጫፍና ከሸንተረር መውረድ ያለባችሁ ያን ጊዜ እንጂ ጠጉራችሁ ሲቆም አይደለም። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። ግጭ ሜዳ ላይ የጓሳ ሣሩ ከጉልበት አያልፍም፤ አበባውን ያወጣ ጅብራ ከሰው ቁመት እጥፍ በላይ ይሆናል፤ ከእርሱ ቀጥሎ በሜዳው ላይ ረጅሙ ነገር እናንተ ናችሁ፤ ጅብራው ሥር መጠለልም ሌላ ጥፋት ነው። ዝቅ ያለ ቦታ ፈልጉ፤ ከጓደኞቻችሁ ቢያንስ 15 ሜትር ተራራቁ፤ ቦርሳችሁ ላይ እግራችሁን ገጥማችሁ ቁጢጥ በሉ፤ መሬት ላይ አትጋደሙ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጥልቀት በሌለው ዋሻ አፍ ላይ በመቆም ነው፤ በዓለቱ ላይ የሚወርደው ኤሌክትሪክ ከጣሪያው ወደ ወለሉ ሲዘል መንገዱ በቆመው ሰው በኩል ይሆናል። ድንኳንም ከመብረቅ አያድንም፤ ጣሪያው የተዘጋ መኪና ያድናል። የስካውቱ ጠመንጃ መብረቅ ይስባል ወይ ብሎ የማይጠይቀኝ ሰው የለም፤ መብረቅ የሚፈልገው ከዙሪያው ከፍ ብሎ የቆመውን ነገር ነው፤ አፈሙዙ ከራስ በላይ እንዳይቆም ዝቅ አድርጎ መያዝ ይበቃል።

ጉሙን እኔ ከመብረቁ አስበልጬ እፈራዋለሁ። የስሜን ምርጥ መንገድ የገደሉን አፋፍ ተከትሎ የሚሄደው ነው፤ ከሳንቃ በር ወደ ጅንባር ፏፏቴ፣ ከግጭ ወደ እሜት ጎጎ የሚወስደው መንገድ በአንዳንድ ቦታ ከባዶው የሚለየው አንድ እርምጃ ነው። በጉም ውስጥ ሣሩም ባዶውም አንድ ዓይነት ነጭ ነው፤ የረጠበ ጓሳ ደግሞ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ጉም ሲመጣ ከአፋፉ ወደ ደቡብ፣ ወደ አምባው መሐል ራቁ፤ ሰልፉ ይጠጋጋ፣ የፊተኛው የኋለኛውን ሳያይ አይራመድ፤ መንገዱ ከጠፋባችሁ ተቀመጡ። ስልክ ላይ ካርታ መጫን ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ባትሪው በብርድ ቶሎ ይወርዳል፤ ስለዚህ በደረት ኪስ ይያዝ።

ድሮ እዚህ ላይ አንድ ማጽናኛ ነበር። ግጭ ላይ ብንጠፋ ውሻ ይጮሃል፣ ጎጆ ይገኛል፣ እሳት ዳር ያስቀምጡናል። የግጭ ነዋሪዎች ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ከሰፈሩ ወዲህ ሜዳው ለዋሊያውና ለቀይ ቀበሮው ተለቋል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ፣ በ2017 ከዚያ ዝርዝር የወጣው የልቅ ግጦሹና የእርሻው ነገር እንዲህ ባለው እርምጃ ስለተቃለለ ጭምር ነው። ለተፈጥሮው መልካም ሆኗል፤ ለተነሡት ሰዎች ምን እንደሆነ ሌላ ንግግር የሚጠይቅ ነገር ነው። የክረምት ተጓዥ ግን ከዚህ በፊት በሰው ደግነት ይሸፈን የነበረው ስሕተት አሁን የሚሸፍነው እንደሌለ ማወቅ አለበት።

ስለ ከፍታው ብዙ አልልም፤ ሌላ ጊዜ ይነገርበታል። ቧሂት ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ የከፍታ ሕመምም እንደ ብርዱ ሁሉ ሰውን ያደናቅፋል፣ ያዝላል፣ ዝም ያሰኛል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ካልታወቀ ለሁለቱም መልሱ አንድ ነው፤ ልብስ ደርቦ መውረድ።

በመጨረሻ የወንዙ ነገር። ከቧሂት ማለፊያ ወደ ራስ ደጀን የሚሄድ ሰው ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ የመሸሃን ወንዝ ይሻገርና ወደ አምቢቆ መንደር ይወጣል። መሸሃ ወደ ተከዜ የሚገባ ወንዝ ነው፤ በበጋ ድንጋይ ለድንጋይ ተረማምደው ያልፉታል። በክረምት ግን ጠዋት የሚያልፉት ወንዝና ማታ የሚያገኙት ወንዝ አንድ አይደሉም፤ ከሰዓት በኋላ በተራራው ሁሉ ላይ የወረደው ወደዚያው ይሰበሰባል። የውሃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን እግራችሁን የሚገፋው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ውሃው ደፍርሶ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ከመጣ፣ ወይም ከሥሩ ድንጋይ ሲንከባለል ደፍ ደፍ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ አትግቡ። መሻገር ሲቻልም በባዶ እግር አይደለም፤ በቅሎ ነጂዎቹ በኮንጎ ጫማቸው ገብተው፣ ውሃው በቀዳዳው ወጥቶላቸው ሲሄዱ፣ እኛ ውድ ቦት ጫማችንን በእጃችን ይዘን እንንሸራተታለን። የቦርሳችሁን የወገብ ማሰሪያ ፍቱ፤ ብትወድቁ ጥላችሁት እንድትነሡ። ፊታችሁን ወደ ወንዙ መምጫ አዙሩ፤ ዱላችሁን ሦስተኛ እግር አድርጉ፤ ወደ ጎን አንድ አንድ እርምጃ ሂዱ።

አንድ ዓመት ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ወንዙ ዳር ደረስን። ቡናማ ሆኖ ያገሳል። አምቢቆ በዐይናችን ይታያል፤ ከአንድ ሰዓት ተኩል የማይበልጥ መንገድ ነው፤ እራትና ደረቅ ቦታ እዚያ ነው። ከመካከላችን እንሞክረው የሚል ሰው ነበር፤ ዝም አልሁ፤ ቧሂት ላይ የተናገርሁት ትዝ ብሎኝ ነው። በቅሎ ነጂያችን ማንንም ሳያማክር ጭነቱን አራገፈ። ከዚያ ወደ ወንዙ ወርዶ አንድ ነጭ ድንጋይ አነሣና ውሃው ከሚነካው ጠርዝ ላይ አስቀመጠው። ድንኳናችንን ከወንዙ ርቀን ከፍ ካለ ሜዳ ላይ ተከልን፤ በረዶ የመታው ዳቦ ቆሎ ቆረጣጥመን ተኛን፤ ሌሊቱን ሙሉ ድንጋይ ሲንከባለል ሰማን።

ጎህ ሲቀድ ድምፁ ተለውጦ ነበር። ወርደን ስናይ ነጩ ድንጋይ ከውሃው አራት እርምጃ ርቆ ደረቅ መሬት ላይ ተቀምጧል። በቅሎ ነጂው ድንጋዩን አየ፤ ወንዙን አላየውም። በቅሎዋን ጭኖ “ሂጂ” አላት።